አርክቴክት ከምረቃ በኋላ ምን፣ ከማን፣ እንዴት ይማር?

ይህ መመሪያ ዲግሪ ይዘው፣ የሙያ ምዝገባ አግኝተው ሕንፃ እየነደፉ ላሉ አርክቴክቶች የተጻፈ ነው። የራስዎ ቢሮ ቢኖርዎት፣ በሰው ቢሮ ቢቀጠሩ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕላን ቢመረምሩ ይሠራል። ስለ ተከታታይ የሙያ ትምህርት ሲወራ ቶሎ በዓይናችን የሚመጣው አዳራሽ፣ ፓወርፖይንት፣ የሻይ ዕረፍትና ሰርተፊኬት ነው። ሥልጠናን አልንቅም፤ ከታች የምመክራቸው አሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሠሩት ሕንፃ ምን እንደጎደለው ይወቁ፤ ሥልጠናውን ከዚያ በኋላ ይምረጡ። ጉድለቱን ሳያውቅ ኮርስ የሚመዘገብ ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ነው፤ የሚወደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀውን ነው።

መማር ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል አንድ ቁጥር ላንሳ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ፣ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ 8፣ አዲስ አበባን በሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና አስቀምጦ ለዲዛይን የሚያዘውን የመሠረት ዓለት ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት 0.05 እጅ ብሎ ነበር። መነሻው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ የሚገመተው መንቀጥቀጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን ኮድ ተከትሎ የተዘጋጀው ኢ.ኤስ ኢ.ኤን 1998 መነሻውን ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ የአዲስ አበባም ቁጥር 0.10 ሆነ። እጥፍ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የነበረ ብዙ ሰው መወዛወዙ ተሰምቶታል፤ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ አለመሆኑን ያን ጊዜ ብዙዎቻችን በሰውነታችን አወቅነው።

«ይሄ የስትራክቸር መሐንዲሱ ሥራ ነው» የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። አልስማማም። ግራውንድ ፍሎሩ ለሱቅ ተብሎ ቁመቱ ሲጨመር፣ ግድግዳው በመስታወት ሲተካና ከላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ሲሞሉ፣ የታችኛው ወለል ከላይኛው ይልቅ የላላ ይሆናል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ጉዳቱ እዚያ ይከማቻል። ደረጃውና ሊፍቱ ባንድ ጥግ ሲወሸቁ ሕንፃው ከመወዛወዝ አልፎ ይጠመዘዛል። ብሎኬቱ ለመስኮት ሲባል እስከ ወገብ ብቻ ወጥቶ ኮለኑን ከግራና ከቀኝ ሲይዘው፣ ነፃ የቀረው አጭር የኮለን ክፍል ቀድሞ ይሰበራል። ሦስቱንም ያሰመረው አርክቴክቱ ነው፤ ያሰመረውም መሐንዲሱ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ስኬች ላይ ነው። የድሮውን ቁጥር ይዞ የተመረቀ አርክቴክት ይህንን ካልተማረ መሐንዲሱ የሚያደርገው ፌሮ መጨመር ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ወደ ሠሩት ሕንፃ ይመለሱ

ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የኖረባቸውን ወይም የሠራባቸውን ሦስት ሕንፃዎች ይምረጡ። አንዱ የማይኮሩበት ይሁን። ባለቤቱን አስቀድመው በስልክ ያነጋግሩ፤ ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው ወይም ጥፋት ሊያወጣብኝ ነው ብሎ እንዳይሰጋ የመምጣትዎን ምክንያት በግልጽ ይንገሩት። «ሕንፃው እንዴት እንዳገለገለዎት አይቼ ለቀጣዩ ሥራ ልማርበት ነው፤ የማየውንም በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ» ማለት ይበቃል። አብዛኛው ባለቤት ደስ ይለዋል፤ ፕላን ከተሸጠለት በኋላ ተመልሶ የጠየቀው ባለሙያ ስለሌለ። አደጋ ያለው ነገር ካዩ፣ ለምሳሌ የላላ ፓራፔት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ፣ በቃል ብቻ አይተዉት፤ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ያሳውቁ።

ጉብኝቱን ለሁለት ወቅት ይክፈሉት። አንዱ ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ እየወረደ እያለ፤ ሌላው ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል። የታተመ ፕላን፣ ሜትር፣ ቴርሞሜትርና ማስታወሻ ይያዙ። ፎቶ ሲያነሱ በፕላኑ ላይ የቆሙበትን ቦታና የሚያዩበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ፤ ይህን ካላደረጉ ከስድስት ወር በኋላ ፎቶው የየትኛው ጥግ እንደሆነ ማወቅ ይቸግርዎታል።

ከባለቤቱ በላይ የሚያውቁት ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ቧንቧ የሚጠግነው ልጅ ናቸው። «ጋሼ፣ ዝናብ ሲበረታ መጀመሪያ የሚያስቸግርዎት የትኛው ቦታ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «እህቴ፣ ለመወልወል የምትቸገሪበት ወለል የቱ ነው? ባልዲውን የምትሞይውስ ከየት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የጽዳት ውሃ መቅጃ ያልተሳለበት ሕንፃ ስንት እንደሆነ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ሠራተኛዋ ከመጸዳጃ ቤቱ የእጅ መታጠቢያ በጆግ እየቀዳች ሦስት ፎቅ ትወጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ቦታ ጠለቅ ብለን እንይ። በከተሞቻችን የቆርቆሮ ጣራውን ከፓራፔት ጀርባ ደብቆ ከፊት ጠፍጣፋ ማስመሰል የተለመደ ነው። ውሃው በጣራውና በፓራፔቱ መካከል ባለ አሸንዳ ይሰበሰባል። ጣራው 200 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ በግማሽ ሰዓት 25 ሚሊሜትር ቢዘንብ አሸንዳው ላይ የሚወርደው 5,000 ሊትር ነው። አሸንዳው ሁለት የውሃ መውረጃ አለው። በረዶ የቀላቀለ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ በረዶው ከቅጠልና ከፌስታል ጋር ተደባልቆ መውረጃውን ይደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ስለሌለው በአሸንዳው ውስጠኛ ጠርዝ ተሻግሮ ወደ ኮርኒስ ይገባል። ባለቤቱ ሜምብሬን ያስለጥፋል፣ ሲሊኮን ያስቀባል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው፤ ችግሩ የሜምብሬን አልነበረምና። መፍትሔው የአሸንዳውን ውጪያዊ ጠርዝ ከውስጠኛው ዝቅ ማድረግ፣ ወይም በፓራፔቱ ላይ ከአሸንዳው ውስጠኛ ጠርዝ ዝቅ ብሎ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው ነው። ያን ጊዜ መውረጃው ቢደፈን ውሃው ወደ ደጅ ይፈሳል፤ ጥበቃውም አይቶ ሰው ጣራ ላይ ያወጣል። ደግሞ ሰው እዚያ የሚደርስበት መሰላልና መውጫ መሳል አለበት። ጉዳዩ አንድ ቀዳዳና አንድ መሰላል ነው፤ በየትኛውም የአዳራሽ ሥልጠና ላይ ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

መኖሪያ ቤት የሚነድፉ ከሆነ የበዓል ዋዜማን ይምረጡ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በጉ የሚታረደው የት ነው? ለዚህ የተሠራው የጋራ ቤት እያለ ሰው ለምን ደረጃ ሥር ይመርጣል? እንጀራው የሚጋገረው የት ነው፣ እንፋሎቱስ በየት ይወጣል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ለእሱ የተለየ መስመር ሳይሳል የቀረበት ወጥ ቤት ሶኬቱ ጠቁሮ ያገኙታል። ድንኳን የሚጣልበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ተትቷል ወይ? መልሱን ከነዋሪው አፍ ይስሙ።

ሁለተኛ፦ ያዩትን ወደ ጥያቄ ይቀይሩ

ከጉብኝቱ በተመለሱ ማግስት ትዝብቱ ሳይቀዘቅዝ ይጻፉት። «ሦስተኛ ፎቅ ይሞቃል» የሚለው ትዝብት ነው፤ «በምዕራብ በኩል ያለው መስታወት በየካቲት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ እንዳያስገባ ምን ዓይነት ጥላ ያስፈልገው ነበር?» የሚለው ግን ሊማሩት የሚቻል ጥያቄ ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን መልሱ ያለው የት እንደሆነ ያስቀምጡ፤ ኮድ ውስጥ፣ መሐንዲስ ጋር፣ ፎርማን ጋር፣ አምራች ጋር ወይስ በራስ ስሌት? አምስት ስድስት ጥያቄ ለአንድ ዓመት ይበቃል። ከዚያ በላይ የያዘ ሰው አንዱንም አይጨርስም።

ሦስተኛ፦ ሕጉን ከፕላን ጋር ያንብቡ

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 243 በ2003 ዓ.ም. ተከተለ። ሕግ ይሻሻላልና በእጅዎ ያለው ቅጂ የቅርቡ መሆኑን በየዓመቱ መጀመሪያ ከግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ጓደኛ በቴሌግራም በላከው ፋይል አይተማመኑ።

ሕግ እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። አንድ አንቀጽ፣ ካንድ የራስዎ ፕላን ጋር፣ ባንድ ቁጭታ ያንብቡ። በአዋጁ አንቀጽ 36 ይጀምሩ። ማንኛውም የሕዝብ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትን፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚስማማ መግቢያ እንዲኖረው፤ መጸዳጃ ቤትም በበቂ ቁጥር እንዲዘጋጅላቸው ደንግጓል። አሁን የራስዎን መግቢያ ያውጡ። አምስት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የተለመደው የራምፕ ተዳፋት አንድ ለአሥራ ሁለት ስለሆነ 9 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ከላይና ከታች መቆሚያው ሲደመር ከ11 ሜትር ይበልጣል። እርስዎ የሳሉት ግን 3 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ወደ ኋላ ይንከባለላል። ፈቃድ ሰጪው አሳልፎት ይሆናል፤ ወንበሩን የሚገፋው ሰው ግን አያሳልፈውም። ቀጥለው ሽንት ቤቱን ይለኩ፤ ወንበር ለማዞር 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይገባል ወይ? በሩስ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ያንን ቦታ አይሻማም?

ይህን ባደረጉ ቁጥር የሚመጣልዎት ትልቁ ትምህርት ራምፕን ማስረዘም አይደለም። ግራውንድ ፍሎሩን ገና ከመነሻው ወደ መንገዱ ደረጃ ማውረድ ይቻል እንደነበር ያያሉ፤ አምስቱ ደረጃ ለግርማ ሞገስ ብቻ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ።

አራተኛ፦ እሳትን ለብቻው ይማሩ

እሳትን ከሌላው የለየሁት አርክቴክቶች በጣም የምንደፍርበት፣ ግን ትንሽ የምናውቅበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል በሚባል ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ በአራተኛ ፎቅ ከአንድ ወጥ ቤት የተነሳ እሳት በውጪው ግድግዳ ላይ ሽቅብ ተምዘግዝጎ 72 ሰው ገደለ። ሕንፃው ከአንድ ዓመት በፊት ታድሶ ነበር፤ በዕድሳቱ የተለበጠው መሃሉ ፖሊኤትሊን የሆነ ጥምር የአሉሚኒየም ፓነል ነው። ፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ነው፤ ሲቀጣጠል ይቀልጣል፣ እየተንጠባጠበም ወደ ታች እሳት ይዞ ይወርዳል። ከአደጋው በኋላ በእንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ መኖሪያ ሕንፃዎች ውጪያዊ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ዕቃ መጠቀም ተከለከለ፤ የአርክቴክቶች መዝጋቢ ቦርድም ተከታታይ ትምህርትን ግዴታ ወደ ማድረግ ሄደ፤ እሳትና የሕንፃ ደኅንነትም ከዋና ርዕሶቹ መካከል ገባ።

እኛ ይህንን ፓነል በልማድ አሉኮቦንድ ስንለው ኖረናል፤ የማን ፋብሪካ እንደሆነ ሳንጠይቅ ለሁሉም በአንድ ስም እንጠራዋለን። ከፊት ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከሁለቱ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች መሃል ባለው በጥቂት ሚሊሜትር ንጣፍ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦ አቅራቢውን ብሮሹር አይጠይቁት፤ በአውሮፓው ኢ.ኤን 13501 መለኪያ የተሰጠውን የእሳት ደረጃና የፈተናውን ሪፖርት ይጠይቁት። መለኪያው ከኤ1 እስከ ኤፍ ይሄዳል፤ ኤ1 እና ኤ2 ለእሳት አስተዋፅዖ የሌላቸው ወይም አስተዋፅዖአቸው እጅግ ትንሽ የሆነ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ ያለው የምርት ስምና ኮድ ሳይት ላይ በደረሰው ፓነል ጀርባ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ራስዎ ያመሳክሩ። በፓነሉና በግድግዳው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በየወለሉ እሳት ማገጃ እንዲኖረው ዲቴይል ይሳሉ። የደረጃ ቤቱንም ያስቡ፤ ብቸኛው ደረጃ በሱቅ መሃል አልፎ ከሆነ ሰዉ የሚሸሸው ወደ እሳቱ ነው።

አምስተኛ፦ አንድ ከሰዓት በኋላ ለፀሐይ ይስጡ

በትምህርት ቤት ብዙዎቻችን የቀዳነው መጽሐፍ የተጻፈው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ለሚዞርባቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በቀትር በቀጥታ አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል በቀትር የምትታየው በሰሜን በኩል ነው።

ወረቀትና ካልኩሌተር ይያዙ። ሰኔ 14 ቀን በቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፤ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ገደማ። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት አለዎት። በሰሜኑ ግድግዳ ያንን መስኮት በቀትር ሙሉ ለሙሉ ለማጥላት 37 ሴንቲ ሜትር የወጣ ጥላ ይበቃል፤ በደቡቡ ግን 94 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ሁለቱንም በ60 ሴንቲ ሜትር ያጠላ ፕላን ለአንዱ አብዝቷል፣ ለሌላው አሳንሷል። ለምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ አግድም ጥላ ከንቱ ነው፤ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ከሥሩ ገብታ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ የሚያስፈልገው ቋሚ ጥላ ወይም ትንሽ መስኮት ነው፤ ደረጃና ሽንት ቤትን በዚያ በኩል መደርደርም ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ፍርዱ የእርስዎ ነው። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ነው፤ የደቡቡን ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ መዝጋት ለመኖሪያ ቤት ጉዳት ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ቢሆን ግን አያመነቱ። ለአዲስ አበባ ቦሌ የተዘጋጀ የሰዓት በሰዓት የአየር ጠባይ ፋይል ኢነርጂፕላስ በሚባለው ፕሮግራም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይ.ኤፍ.ሲ ያዘጋጀው ኤጅ የሚባል መሣሪያም በነፃ ይሠራል። ኤጅ ሕንፃው ከአካባቢው ልማዳዊ አሠራር አንፃር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ በኩል ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። ሰርተፊኬቱን ባይፈልጉትም የአንድ አሮጌ ፕሮጀክትዎን መረጃ አስገብተው ይሞክሩ፤ መስታወት ሲቀንሱ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ በዓይን ማየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ስድስተኛ፦ አሁን ሥልጠና ይምረጡ

ጥያቄዎ በእጅዎ ስላለ መምረጥ ይቀልላል። በልደታ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ተቋም፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተጀመረው፣ የማስተርስ ትምህርትና ክፍት ንግግሮች አሉት። የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በፕሮጀክት አስተዳደርና በቢም (የሕንፃ መረጃ ሞዴል) ላይ ሥልጠና ይሰጣል። የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበርን መድረኮችም ይከታተሉ። ከመመዝገብዎ በፊት አስተማሪው ራሱ ምን ሠርቷል? የራሴን ፕሮጀክት ይዤ መጥቼ እንዲታረምልኝ ይፈቀዳል? ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ ሌላው ብዙም አያስጨንቅ።

ስለ ቢም አንድ ምክር አለኝ። የሬቪት ወይም የአርኪካድን ትእዛዝ መልመድ አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መሥራት ሌላ። ብቻዎን ሞዴል ቢሠሩና መሐንዲሱ ያንን ወደ አውቶካድ ገልብጦ እንደ ቀድሞው ቢቀጥል ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከስትራክቸርና ከሳኒተሪ መሐንዲስዎ ጋር አብራችሁ ተመዝገቡ፤ መለማመጃችሁም ጂ+2 ያላለፈ፣ አጣዳፊ ያልሆነ እውነተኛ ሥራ ይሁን። የሽንት ቤቱ ቧንቧ የኮንክሪቱን አግድም ተሸካሚ በስቶ ሲያልፍ በስክሪን ላይ አብራችሁ ስታዩት ቀጣዩ ፕላን ራሱ ይለወጣል።

አቅራቢዎች በሆቴል የሚያዘጋጁት የምርት ማስተዋወቂያም ትምህርት አለው፤ ይሂዱ። ዕቃውን በእጅ ይንኩ፣ የሚገጥመውን ባለሙያ ያነጋግሩ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና መለዋወጫው አገር ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። ያንኑ ምርት ከሁለት ዓመት በፊት የተገጠመበትን ሕንፃ አድራሻ ሳይቀበሉ ግን አይውጡ።

ሰባተኛ፦ ከቆመ ሕንፃም ይማሩ

አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ከረጅም ዕድሳት በኋላም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለው እዚያ ነው። ዕድሳት የሚመጣልዎት ከሆነ ምን እንደ ነበረ ተጠብቆ፣ ምን እንደታደሰ ለማየት የሚሻል ቦታ በከተማው የለም። በአፈር መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ በልደታው ግቢ በ2010 እና 2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች ጋር የተሠራው ሱዱ የተባለ ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ግድግዳው ከአፈር የተሠራ ነው። ስለ እሱ የተጻፈውን ያንብቡ፣ የሠሩትንም ፈልገው ያነጋግሩ።

ስምንተኛ፦ የተማሩትን ይመዝግቡ

በእንግሊዝ የንጉሣዊው አርክቴክቶች ተቋም አባል በዓመት 35 ሰዓት መማር አለበት፤ 20ው ተቋሙ በወሰናቸው አሥር ርዕሶች ላይ ነው። የአሜሪካው አርክቴክቶች ማኅበር አባል ደግሞ በዓመት 18 የትምህርት ነጥብ ያሟላል፤ 12ቱ ስለ ጤና፣ ደኅንነትና የሕዝብ ደህና ኑሮ መሆን አለባቸው። ሰዓቱ እኛን ባይገዛንም ለማቀድ ይረዳል። 35 ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ለምዝገባዎ እድሳት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠየቅ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ቀድመው ይጠይቁ። በራስዎ ዘንድ ግን ቀኑን፣ ጥያቄውን፣ ያገኙትን መልስና መልሱ የትኛውን ሥዕል እንደለወጠ የያዘ አንድ ገጽ ይኑር። «የትኛውን ሥዕል ለወጠ?» የሚለው ዓምድ ባዶ ከቀረ ያ ሥልጠና ገና አላለቀም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ አዲስ አበባ ተምራችሁ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ በረዳትነት ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ፣ ይህ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ፈቃድ ለማውጣት የሚቆጠረው ልምምድ 3,740 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ በየሥራው ዓይነት ተከፋፍሎ ይሞላል። ከተሠራ ቆይቶ የቀረበ ሰዓት በሙሉ አይታሰብምና በየወሩ ያስገቡ። የኢትዮጵያ ዲግሪዎ አቻነት እስኪገመገም ድረስም እጅ አጣጥፈው አይቀመጡ።

ዘጠነኛ፦ ያወቁትን ለቢሮው ያስተምሩ

በወር አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ይያዙ። አንድ ሰው፣ አንድ ችግር፣ አንድ ሕንፃ። ፓወርፖይንት አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ፎቶው አጠገቡ ይሁን። ተናጋሪው መጀመሪያ የተሳለውን፣ ቀጥሎ የተሠራውን፣ ከዚያ የሆነውን ያሳያል። ካለ ፎርማኑን ይጋብዙ፤ «ይሄ ዲቴይል እኮ ካሳፎርማው አይወጣም» የሚልዎት እሱ ነው። ጀማሪዎቹ አስቀድመው ይናገሩ፤ አንጋፋው ከጀመረ ሌላው በአክብሮት ዝም ይላል። ሶፍትዌሩን ታናሹ ለታላቁ፣ ሳይቱን ታላቁ ለታናሹ ያስተምር።

ሰዓቱ ከማለቁ በፊት አንድ ሰው እስክሪብቶ ያንሳና የታረመውን ዲቴይል እዚያው ይሳል፤ ቀን ይጻፍበት፣ የየትኛው ሕንፃ ትምህርት እንደሆነም ይጠቀስ። ሥዕሉ ወደ ቢሮው የዲቴይል መዝገብ ይግባ፤ የቀድሞው ዲቴይል ከመዝገቡም ከኮምፒውተሩም ይውጣ። እዚያው እያለ ለችኮላ ሥራ መልሶ የሚገለብጠው ሰው አይጠፋምና።